የታሪክ ጽሑፍ በምን ሥርዓት እንደ ተሰደረ ስለ መመርመር

በዋሸራም ሆነ በጎንጅ ወይም በዲማ ጊዮርጊስ ቅኔ የተማረ ሰው፥ ቅኔ ሲዘረፍ በሰማ ጊዜ አስቀድሞ ምሥጢሩን አይጠይቅም፤ ቤቱን ይቈጥራል እንጂ። ሁለት ቤት ቢሆን ጉባኤ ቃና ነው ይላል፤ ስምንት ቤት ቢሆን መወድስ ነው ይላል። ከዚያ በኋላ ሰሙን ከወርቁ ለይቶ ወደ ምሥጢሩ ይገባል። ይህን የመሰለ ጥንቃቄ በጎጃም ደጋ ለረጅም ዘመን ሲሠራበት የኖረ ነው። ነገር ግን ያው ሰው የታሪክ መጽሐፍ ሲይዝ ቤቱን መቍጠር ይተዋል፤ የተጻፈው ሁሉ በአንድ ሥርዓት የተጻፈ ይመስል ከላይ ወደ ታች ይወርደዋል። በሰባተኛና በስምንተኛ ክፍል ያሉት ልጆቻችንም እንዲሁ ያነባሉ። ስሙንና ዘመኑን በቃላቸው ይይዛሉ፤ መቍጠሪያው የተሰካበት ክር ምን እንደ ሆነ ግን አይጠይቁም። ስሕተት የሚገባውም በዚህ በር ነው።

ለካህናት ቅርብ ከሆነው ነገር እንነሣ። ስንክሳር የተሰደረው በወርና በቀን ነው፥ በዓመተ ምሕረት አይደለም። ስለዚህ በዲዮቅልጥያኖስ ዘመን አንገቱን ለሰይፍ የሰጠ ሰማዕትና ከእርሱ ብዙ መቶ ዓመት ዘግይቶ የተነሣ የሀገራችን ጻድቅ በአንድ ቀን ንባብ ጎን ለጎን ይገኛሉ። ሥርዓቱን ያልተረዳ ልጅ ሁለቱን የአንድ ዘመን ሰዎች አድርጎ ይወስዳቸዋል። ጥፋቱ የመጽሐፉ አይደለም፤ ስንክሳር መታሰቢያ ለማድረግ እንጂ ዘመን ለመቍጠር አልተጻፈምና። በወንጌልም ማቴዎስ የጌታን ትምህርት ከአምስተኛው እስከ ሰባተኛው ምዕራፍ በአንድነት ሰብስቦ ሲያኖረው፥ ከዚያው ትምህርት ብዙው በሉቃስ ዘንድ በስድስተኛው፥ በዐሥራ አንደኛውና በዐሥራ ሁለተኛው ምዕራፍ ተከፍሎ ይነበባል። ቃሉ አንድ ሲሆን አሰዳደሩ ሁለት ነው።

ስለ ጎጃም ታሪክ ከጻፉት ሰዎች ስማቸው የታወቀው አለቃ ተክለ ኢየሱስ ዋቅጅራ ናቸው። ትውልዳቸው ከአባይ ማዶ ከኦሮሞ ወገን ሲሆን፥ በልጅነታቸው ተማርከው ወደ ጎጃም መጡ፤ በንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ቤት አድገው ሠዓሊም ታሪክ ጸሐፊም ሆኑ። ጽሑፋቸው በብራናና በወረቀት ተገልብጦ ብዙ ዘመን ከኖረ በኋላ በእኛ ዘመን «የጎጃም ትውልድ በሙሉ ከአባይ እስከ አባይ» በሚል ስም ታትሟል። ከስሙ እንደሚታየው ክሩ ትውልድ ነው። እንዲህ ያለ ሥርዓት በጎጃም የተወደደው ያለ ነገር አይደለም። ርስት የሚገኘው አገሩን ካቀናው አባት ጀምሮ በአባትም በእናትም ሐረግ ቈጥሮ በማስረዳት ነበር፤ ይህም እስከ የካቲት 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ድረስ ቈየ። እንግዲህ በዚህ አገር «ወለደ» የሚለው ቃል እንደ ድንበር ድንጋይ ነው። ደግሞም በትውልድ የሚሰድር ጸሐፊ የታላቅዮውን ዘር እስከ መጨረሻው ዘርዝሮ ወደ ታናሽዮው ሲመለስ፥ ዘመኑም አብሮት ወደ ኋላ ይመለሳል። ይህን ያላስተዋለ አንባቢ አያቱን ከልጅ ልጁ በኋላ ያነግሠዋል።

ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ደግሞ በሌላ መንገድ ሄዱ። ከሞቱ በኋላ በ1916 ዓ.ም. በታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» በተባለው መጽሐፋቸው ማን ከማን በኋላ ነገሠ አይሉም፤ ሕዝብ በምን ምክንያት ይበለጽጋል፥ በምን ምክንያት ይደኸያል ብለው ይመረምራሉ እንጂ። ይህን መጽሐፍ እንደ ዜና መዋዕል ለማንበብ የሚደክም ሰው ምንም አያገኝበትም።

አሁን ልጆቻችን ይልቁን የሚሳሳቱበትን ልናገር። በዓመት ተራ የተሰደረ አንድ አጭር ንባብ እንዲህ ይሁን። በጥር 1880 ዓ.ም. ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በሳር ውሃ በድርቡሾች ድል ሆኑ፤ ጎንደርም ተቃጠለች። በ1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ፥ ንጉሡ ከሸዋው ንጉሥ ከምኒልክ ጋር ተማክረውብኛል ብለው፥ ጎጃምን ወርረው አጠፉ። በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር ዐፄ ዮሐንስ በመተማ ቈስለው ሞቱ። ከዚህም በኋላ ክፉ ቀን ሆነ፤ ሕዝብም በረኀብ አለቀ።

በዚህ ውስጥ ሐሰት የለም። ነገር ግን ረኀቡ ስለ ምን መጣ ብላችሁ ልጁን ብትጠይቁት «ንጉሠ ነገሥቱ ስለ ሞቱ» ወይም «ጦርነት ስለ ነበረ» ብሎ ይመልሳል። ንባቡ «ከዚህ በኋላ» አለ እንጂ «ስለዚህ» አላለም። ምክንያቱን የጨመረው ልጁ ራሱ ነው፤ ጸሐፊው አላስተማረውም።

በምክንያት የሚሰድር ጸሐፊ ከሌላ ስፍራ ይነሣል። ደስታ የሚባለው የከብት በሽታ በ1880 ዓ.ም. ገደማ፥ ለኢጣልያ ጦር ከባሕር ማዶ ከመጡ ከብቶች ጋር በምጽዋ በኩል ገባ። ከዚያ ወደ ደጋው ወጥቶ የእርሻውን በሬ ፈጀው። በሬ ባለቀ ጊዜ ሞፈርና ቀንበር ተሰቀለ፤ ዝናሙም ጐደለ፥ አንበጣና ተምችም ተጨመረ፤ ዳግማዊ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው እስኪቈፍሩ ድረስ አገሩ በእጅ ወደ መቈፈር ተመለሰ። እንግዲህ በሽታው ለመተማ ጦርነት ልጁ አይደለም። ሆኖም ዘመቻው ከደሙ ንጹሕ ነው ማለትም አይገባም። በዚያ ዘመን ጭፍራ የሚበላው ከባላገሩ ጐተራ ነበር፤ የጎጃም ገበሬ በሬው ሲሞትበት የዓምናው እህል እንኳ አልቀረለትም። በሽታው በሬውን ገደለ፥ ዘመቻው ጐተራውን አራቈተ፤ ሁለቱ ምክንያቶች እየራሳቸው መጥተው በአንድ ቤት ተገናኙ። ይህን በዓመት ተራ ብቻ ከተጻፈ ንባብ ፈልቅቆ ማውጣት ለዐዋቂም ቢሆን ቀላል አይደለም። (ይህ በሽታ በክትባት ተዋግተውት በ2003 ዓ.ም. ከዓለም ሁሉ ፈጽሞ መጥፋቱ ታውጇል።)

ሦስተኛም አሰዳደር አለ፤ ሰባኪ የሚወደው ነው። ይኸውም የመጽሐፈ መሳፍንት ሥርዓት ነው፤ ሕዝቡ በደለ፥ ተቀጣ፥ ጮኸ፥ አዳኝ ተነሣለት። በዚህ ክር ክፉውን ቀን የሚሰካ መምህር አጥፍቷል አልልም። ነገር ግን ተግሣጽን ለማስተማር የሰደረውን፥ ልጁ የበሽታውን መነሻ የሚያስረዳ አድርጎ እንዳይወስደው ሊነግረው ይገባዋል።

ምልክቱን ለማወቅ ከሩቅ ትምህርት መበደር አያስፈልገንም፤ የመጻሕፍት ትርጓሜ ጉባኤያችን የተመሠረተው በእንዲህ ያለ ምልክት ነውና። ተማሪው «አንድም» ሲል ሌላ ፍቺ መምጣቱን እንጂ ሌላ ድርጊት መፈጸሙን አያስብም። «ሐተታ» ሲል ነገሩ ሊብራራ እንደ ሆነ፥ «ታሪክ» ሲል ትረካ ሊገባ እንደ ሆነ ያውቃል። እንዲሁ በአማርኛው ንባብ «ከዚህ በኋላ» የጊዜ፥ «ስለዚህ» የምክንያት፥ «ነገር ግን» የማነጻጸር ምልክት ይሆናል። ይሁን እንጂ በቃሉ ብቻ መታመን አይበጅም። ከላይ «በሬ ባለቀ ጊዜ ሞፈርና ቀንበር ተሰቀለ» ብዬ ጽፌአለሁ፤ ቃሉ ጊዜ ነው፥ ነገሩ ግን ምክንያት ነው። እንዲህ ያለውን ለመለየት የሚረዳ ቀላል ፈተና አለ፤ ዐረፍተ ነገሩን ሁሉ በየቍራጭ ወረቀት ጽፎ፥ ቀላቅሎ፥ ልጁ ዳግመኛ እንዲሰድረው መስጠት ነው። ዓመተ ምሕረቱን ብቻ እያየ ከሰደረው ክሩ ዘመን ነው፤ ዓመቱ ቢፋቅ እንኳ ተራው የሚገኝ ከሆነ ክሩ ምክንያት ነው።

በደብረ ማርቆስ ላለ መምህር ለዚህ ሥራ ከእምባቦ ጦርነት የተሻለ አላገኘሁም። ከተማዋ መንቆረር ትባል በነበረበት ጊዜ ያደረገው የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ታሪክ ነውና፥ ለልጆቹ እንግዳ አይሆንባቸውም። አንዱ ጸሐፊ በ1874 ዓ.ም. ከውጊያው ዕለት ይጀምርና ንጉሡ መማረካቸውን ይነግራል። ሌላው ከከፋና ከአካባቢው ከሚመጣው የወርቅ፥ የዝሆን ጥርስና የቡና ንግድ ይነሣና ሸዋና ጎጃም ከአባይ ማዶ ያለውን አገር ስለ ምን እንደ ተሻሙ አስረድቶ፥ ዐፄ ዮሐንስ ከአንዱ ወሎን ከሁለተኛው አገው ምድርን ወስደው ሁለቱንም እንደ ቀጡ ጽፎ ይፈጽማል። መምህሩ ሁለቱን ንባብ አጠገብ ለአጠገብ አኑሮ፥ እያንዳንዱ በየትኛው ቃል እንደሚጀምርና በየትኛው እንደሚያቆም ልጆቹ በእርሳስ እንዲያሰምሩበት ያድርግ።