«ኢንሹራንስ አለኝ» ያለኝ ልጅ እና የ1952ቱ ሕግ

የዛሬው ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። «እኔ መኪና የለኝም» ብላችሁ አትለፉት። መንገድ የሚሻገር ሰው ሁሉ ጉዳዩ ነው።

በ2013 ዓ.ም. አንድ ምሽት ስልኬ ጮኸ። የድሮ ተማሪዬ ነው። በዕቁብና በዘመድ ብድር የገዛት፣ ከሶዶ አረካ የምትሠራ አባዱላ ነበረችው። «ቲቸር፣ መኪናዬ ሰው ገጨች» አለኝ። ሾፌሩ አንድ ሞተረኛ ገጭቷል፤ የሰውዬው እግር ክፉኛ ተሰብሯል። ነፍሱ መትረፏን ካረጋገጥኩ በኋላ «አንተስ እንዴት ልትሆን ነው?» ብዬ ጠየቅኩት። «አይጨነቁ ቲቸር፣ ኢንሹራንስ አለኝ» አለኝ። እኔም አመንኩት፤ ስልኩን ዘግቼ ተኛሁ።

ዓመት አልፎ ፍርድ ቤት ለተጎጂው 165,000 ብር ካሳ ወሰነ። ከኢንሹራንሱ የመጣው 40,000 ብር ነው። ቀሪው 125,000 ብር በልጁ ላይ ወደቀ። የተጨፈለቀው የራሱ መኪና ፊትስ? አንዲት ሳንቲም አልተከፈለውም። «ተጭበረበርኩ» እያለ ቤቴ መጣ። ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተን ከላይ እስከ ታች አብረን አነበብነው። ማንም አላጭበረበረውም። ወረቀቱ የሚለውን ነው የከፈሉት። እሱ ግን ምን እንደገዛ አያውቅም ነበር፤ እውነቱን ልናገርና እኔም እስከዚያ ቀን አላውቅም።

እንግዲህ እኔን ታውቁኛላችሁ፤ ነገር ከሥሩ ካልጀመርኩ አይሆንልኝም።

የመጀመሪያዋን መኪና አዲስ አበባ ያደረሰው በዴ ቤንትሌይ የሚባል እንግሊዛዊ ነው፤ ጊዜው 1900 ዓ.ም. ገደማ፣ በአጼ ምኒልክ ዘመን። መድን ግን ከመኪናም በፊት ሽታው ነበር። በ1898 ዓ.ም. የተከፈተው የአቢሲንያ ባንክ የውጭ ኩባንያ ወኪል ሆኖ የእሳትና የባህር መድን ይሸጥ ነበር። ለማን? ለነጋዴና ለዕቃው ነዋ። መንገድ ላይ ለሚሄድ እግረኛ ያሰበ አልነበረም። የአገር ውስጥ የመጀመሪያው ኩባንያ ኢምፔሪያል ኢንሹራንስ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1951 ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ በአገሪቱ የሚሠሩት ዘጠኝ ሲሆኑ፣ ከኢምፔሪያል በቀር ሁሉም የውጭ ኩባንያ ቅርንጫፍ ወይም ወኪል ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1960 ቁጥራቸው 33 ደረሰ።

ዋናው ነገር የሚመጣው እዚህ ጋ ነው። በዚያው ዓመት፣ በእኛ በ1952 ዓ.ም.፣ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ወጣ። ያረቀቁት ፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድ ናቸው። ቁጥር 2081ን ፈልጋችሁ አንብቡት። በራሴ ቋንቋ ላስቀምጠው፦ መኪና ጉዳት ካደረሰ ባለቤቱ ይጠየቃል፤ የነዳው ሰው እንዲነዳ ያልተፈቀደለት እንኳ ቢሆን። ማምለጫዎቹ ጥቂት ናቸው፤ ለምሳሌ መኪናው በዚያን ሰዓት ተሰርቆ ከነበረ፣ ወይም ጥፋቱ ሙሉ በሙሉ የተጎጂው ከሆነ።

ይህ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ለማየት ኦሪት ዘጸአት 21 ላይ ያለውን ተዋጊ በሬ አስታውሱ። እዚያ ባለቤቱ በሬው ወጊ መሆኑን እያወቀ ካልጠበቀው ይጠየቃል፤ ካላወቀ ነጻ ነው። በ1952ቱ ሕግ ግን «አላወቅሁም፣ አልነበርኩም፣ የነዳሁት እኔ አይደለሁም» ብሎ ነገር አይሠራም። መኪናው የአንተ ነው? ዕዳውም የአንተ ነው። ያኔ ተማሪዬ ሶዶ ቤቱ እራት እየበላ ነበር፤ ግን ተጠያቂው እሱ ነው።

ሕጉ ለተጎጂው መብት ሰጠ። ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ ግን አልተናገረም። ይህ ክፍተት ነው እኔን ሁሌ የሚገርመኝ። ባለመኪናው መድን ይግባ አይግባ የራሱ ፈቃድ ሆኖ ቀረ። የሌለው ሰው ከተፈረደበት ያው የሌለው ነው፤ የፍርድ ወረቀት አይበላ፣ አይታከሙበት። በወላይታም በሌላውም አገር ክፍተቱን የሞላው ሽምግልናና ዕድር ነበር። ሽማግሌ ተቀምጦ ባለመኪናው አቅሙን ይከፍላል፣ ይታረቃሉ፤ የሞተውን ዕድር ይቀብራል። ዕድር ቀብሮ፣ ድንኳን ተክሎ፣ ሐዘንተኛ አጽናንቶ ያበቃል። የተረፉትን ልጆች እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ማስተማር የዕድር ሥራ አይደለም፤ አቅሙም የለውም። እኔ ራሴ ካስተማርኳቸው መካከል አባታቸው በመኪና ተገጭቶ ትምህርት ያቋረጡ ልጆች ነበሩ። ወረቀት ላይ ከሄድን መብት ነበራቸው።

ደርግ ታህሣሥ 23 ቀን 1967 ዓ.ም. ባንኮችንና የመድን ድርጅቶችን ወረሰ። አሥራ ሦስቱ የግል ኩባንያዎች ተጠቃለው ከአንድ ዓመት በኋላ የኢትዮጵያ መድን ድርጅት ሆኑ። እንደገና የግል ኩባንያ የተፈቀደው በ1986 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ነው። ንጉሡ ሄዱ፣ ደርግ መጣ፣ ደርግም ሄደ፤ የእግረኛው ነገር ግን እዚያው ነበር። የሶስተኛ ወገን መድን በአገር አቀፍ ደረጃ ግዴታ የሆነው በአዋጅ ቁጥር 559/2000 ነው። ቀንሱት፦ ከ1952 እስከ 2000፣ 48 ዓመት!

ይህን አዋጅ የተካው አዋጅ ቁጥር 799/2005 ነው፤ የተማሪዬ ጉዳይ የታየውም በእሱ ነው። አዋጁ ሲወጣ ያስቀመጠው ጣሪያ እንዲህ ነበር፦ ለሞት ከ5,000 እስከ 40,000 ብር፣ ለአካል ጉዳት እስከ 40,000 ብር፣ ለንብረት እስከ 100,000 ብር። አዎ፣ በደንብ አነበባችሁት፤ ለንብረት የተቀመጠው ለሰው ሕይወት ከተቀመጠው ይበልጣል። በዚህ ላይ የራሴን አስተያየት ብጽፍ ይረዝምብኛል። ይልቅ ጥሩውን ልንገራችሁ፤ አዋጁ ሲወጣ ለተጎጂ አስቸኳይ ሕክምና እስከ 2,000 ብር እንዲሸፈን ተደንግጎ ነበር፣ ገጭቶ ለሚያመልጥና መድን ለሌለው መኪና ተጎጂዎች ደግሞ የመድን ፈንድ ተቋቁሟል። ያ ፈንድ መኖሩን የማያውቅ ቤተሰብ ስንት ነው! ገጪው አምልጦ ዘመዳችሁ ከተጎዳ ፖሊስ ጋ አስመዝግባችሁ ፈንዱን ጠይቁ፤ ቤት ተቀምጣችሁ አታልቅሱ።

አሁን ወደ ልጁ ወረቀት ልመለስ። የነበረው ሶስተኛ ወገን ብቻ ነው፤ ቦሎ ለማሳደስና ትራፊክ እንዳይዘው የገባው። ስሙ ራሱ ይናገራል እኮ! አንደኛው ወገን አንተ ነህ፣ ሁለተኛው መድን ሰጪው፣ ሶስተኛው መንገድ ላይ ያለው ሰው። ውሉ የተገባው ለዚያ ሰው ነው። የአንተን መኪና አይጠግንም። ለተጎጂውም የሚከፍለው እስከ ጣሪያው ድረስ ነው፤ ከጣሪያው በላይ ያለውን ቁጥር 2081 ካንተ ኪስ ያስወጣዋል። የ1952ቱ ሕግ አልተሻረም፣ የ2005ቱ አዋጅ ከላዩ ተደረበ እንጂ። ልጁ ያልገባው ይህ ነበር። 40,000 ብሩ የዕዳው ልክ ሳይሆን የመድኑ ልክ ነው።

«ታዲያ ርካሹ የቱ ጋ ነው ቲቸር?» ብላችሁ በውስጥ መስመር የምትጠይቁኝ አላችሁ። የሶስተኛ ወገን አረቦን እንደ ተሽከርካሪው ዓይነትና አገልግሎት በመንግሥት ታሪፍ የሚወሰን ስለሆነ ለእሱ ቢሮ ለቢሮ መዞር እግር ማድከም ነው። መዞር የሚጠቅመው ሰዎች «ሙሉ ኢንሹራንስ» ለሚሉት ነው፤ የራስን መኪና ከግጭት፣ ከእሳት፣ ከስርቆት ለሚሸፍነው። እዚያ ዋጋው የመኪናው ግምት በመቶኛ ስለሚሰላ ከድርጅት ድርጅት ይለያያል። ሶዶ ከተማ ውስጥ ብቻ ሦስት አራት ቦታ ጠይቆ ማወዳደር የአንድ ቀን ሥራ ነው።

ግን ዋጋውን ብቻ አትጠይቁ። ለጊፋታ በሬ የምናዋጣውን አስቡ። ዓመቱን ሙሉ ትንሽ ትንሽ ያዋጣ ሰው በበዓሉ ቀን ድርሻው ትንሽ ሆኖ ቢያገኘው ማንን ይወቅሳል? መዋጮውን ነዋ! አረቦንም እንደዚያ ነው። ርካሽ የሆነበት ምክንያት አለው። አንዳንዴ ተቀናሹ ትልቅ ይሆናል፤ ማለትም ጉዳት ሲደርስ የመጀመሪያውን ይህን ያህል ብር አንተ ትችላለህ። አንዳንዴ ተሳፋሪው አልተካተተም። ሕዝብ ለሚጭን ሰው የተሳፋሪ ኃላፊነት ተጨማሪ ሽፋን መኖር አለመኖሩ ሊታለፍ የማይገባ ጥያቄ ነው። አንዳንዴ ደግሞ ባለቤቱ ራሱ «የቤት መኪና ነው» ብሎ አስመዝግቦ ሰው እየጫነ ይሠራል፤ አረቦኑ ይቀንስለታል፣ አደጋ የደረሰ ቀን ግን ካሳው ይቀራል። ይህን በገዛ ራሳችን ላይ ነው የምንሠራው።

አንድ የታሪክ ነገር ደግሞ እዚሁ ጣል ላድርግ። በአገራችን የመኪና መድን ውስጥ «ቢ.ኤስ.ጂ.» የሚባል ተጨማሪ ሽፋን አለ። ፊደሎቹ ባንዲት፣ ሽፍታ፣ ጉሬላ የሚሉት ናቸው። አያችሁ፣ የእኛ «ሽፍታ» በፈረንጅ ፖሊሲ ውስጥ ገብቶ ተቀምጧል! የጻፉት ሰዎች የአገራችንን መንገድ ያውቁት ነበር ማለት ነው። ራቅ ያለ መስመር የምትሠሩ ይህን ሽፋን በስሙ ጠይቁት። በተለምዶ «ሙሉ» በሚባለው ውስጥ አብሮ የሚመጣ ሳይሆን ተከፍሎበት የሚጨመር ነው። «ሙሉ» የሚለው ቃል ስንቱን አሳስቷል መሰላችሁ።

በጣም የሚያሳስበኝ ግን የመኪናው ግምት ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የመኪናም የመለዋወጫም ዋጋ የት እንደደረሰ ታውቃላችሁ። ብዙ ሰው ፖሊሲውን በየዓመቱ የሚያድሰው በድሮው ግምት ነው፤ አረቦኑ እንዳይጨምር። ሁለት ሚሊዮን የሚያወጣ መኪና በአንድ ሚሊዮን ከተመዘገበ ግማሹን መድን ሰጪው፣ ግማሹን አንተ እንደያዝከው ይቆጠራል። ስለዚህ የ200,000 ብር ጉዳት ቢደርስ የሚመጣልህ በግማሽ ተሰልቶ ነው፤ ከዚያ ላይ ተቀናሹ ይነሳል። ይህ የአንድ ድርጅት ተንኮል አይደለም፤ የመድን አሠራር ነው። እግረ መንገዴን፣ በ2013 ዓ.ም. አዲስ የንግድ ሕግ ሲወጣ የ1952ቱ የንግድ ሕግ የመድን ክፍል ሳይነካ ቀርቷል። ዛሬም በአጼው ዘመን ሕግ ነው የምንዋዋለው።

ልጁስ? አባዱላዋን ሸጦ ዕዳውን ከፈለ። ለሞተረኛው የመጨረሻውን ክፍያ ሲሰጥ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሆኜ አብሬው ሄጃለሁ። ሰውዬው ዛሬም በምርኩዝ ነው የሚሄደው፤ ሞተሩ የቤቱ መተዳደሪያ ነበር። ገንዘቡን ተቀብሎ ዝም ብሎ ቆጠረው። «ከሁለት ዓመት በፊት ቢሆን ልጄን ከትምህርት ቤት አላስወጣም ነበር» አለን። ተማሪዬም እኔም የምንመልሰው አልነበረንም።

አምና ልጁ እንደገና ተበድሮ ሌላ መኪና ገዛ። መድን ሊገባ ሲሄድ «ቲቸር አብረውኝ ይምጡ» አለኝና ሄድኩ። ጸሐፊዋ ፎርሙን ስትሰጠው አልፈረመም። መጀመሪያ የጠየቃት «የሶስተኛ ወገን ጣሪያው ዛሬ ስንት ነው? ከሱ በላይ መግዛትስ እችላለሁ?» ብሎ ነው። ቀጥሎ ስለ ተሳፋሪው፣ ቀጥሎ ስለ ተቀናሹ። ከኋላችን ሰልፍ የያዙት ማጉረምረም ጀመሩ። አንድ ሽማግሌ ግን ወደፊት ጠጋ ብለው «ልጄ፣ እስቲ ያን የመጨረሻውን ድገመው፣ እኔም ልስማ» አሉት።