የሞያሌ ድንበርና የታሪክ ክፍለ ጊዜ

ኬንያንና ኢትዮጵያን የሚለየው የወሰን ውል የተፈረመው መቼ ነው? ድንበሩ ለሁለት በከፈላት በሞያሌ ከተማ ለዚህ ጥያቄ ሁለት መልስ አለ፤ ሁለቱም ልክ ነው። በኬንያው ሞያሌ የሚማር ልጅ 1907 ሲል፣ ድንበሩን ተሻግሮ የሚማረው ዘመዱ 1900 ዓ.ም. ይላል። ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር አዲስ አበባ ላይ የተዋዋሉበት ቀን በአንዱ አቆጣጠር ኅዳር 26፣ በሌላው ዲሴምበር 6 ነው። መምህሩ ሁለቱን ቀኖች ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጎን ለጎን ቢጽፋቸው፣ ክርክሩ በራሱ ይጀመራል።

ወሰኑን እ.ኤ.አ. በ1902 እና 1903 ያጠናው በአርቺባልድ በተር የሚመራ ቡድን ሲሆን፣ ካፒቴን ፊሊፕ ሞድ የተባለ የእንግሊዝ ጦር መሐንዲስ አብሮት ነበር። ቀጥሎ ፊሊፕ ዛፊሮ የሚባል ግሪካዊ የድንበር ኢንስፔክተር ሆነ፤ ሞያሌ ላይ የቆመው የእንግሊዞች ምሽግም አዲስ አበባ በነበረው የእንግሊዝ ሚኒስትር ስም ፎርት ሃሪንግተን ተባለ። እነዚህን ስሞች ማስሸምደድ ቀላል ነው። ዋናው ቁም ነገር ያለው ግን ውሉ ውስጥ ነው።

ውሉ በመስመሩ ወዲህና ወዲያ ያሉ ጎሳዎች እንደ ቀድሞው በሌላው ወገን ግጦሽ እንዲጠቀሙ ይፈቅዳል፤ የውኃ ጉድጓዶቹንም ለሁለቱም ክፍት ያደርጋል። ተሻግሮ የሄደ ሰው ግን በዚያ ላለው አስተዳደር ይታዘዛል። ቦረናውም ገብራውም ገሪውም ከብትና ግመሉን እየነዳ ዝናብ የሚከተል ሕዝብ ነውና፣ ፈራሚዎቹ ይህን አንቀጽ ሊያልፉት አልቻሉም። ዘመድ አዝማዱ በሁለቱም አገር ያለ ተማሪ አንቀጹን ሲያነብ፣ አያቱ ጉድጓድ ፍለጋ ሲሻገሩ ለማን ይገብሩ እንደነበር መጠየቁ አይቀርም። እንዲህ ያለው ጥያቄ ከማንኛውም የመጽሐፍ መልመጃ ይበልጣል።

በሐምሌ 1932 ዓ.ም. ጣሊያኖች የእንግሊዙን ምሽግ ከበቡት፤ የኪንግስ አፍሪካን ራይፍልስ ወታደሮችም በሌሊት ሾልከው ወጡ። እንግሊዞች ከተማዋን መልሰው የያዙት በየካቲት 1933 ነው። ለአንዱ ተማሪ ይህ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ምዕራፍ ነው፤ ለሌላው የአምስት ዓመቱ የጣሊያን ወረራ መጨረሻ።

የሚያኮራውን ብቻ መርጦ ማስተማር እዚህ ከተማ አያዋጣም፤ የቀረውን ልጆቹ ቤታቸው ይሰሙታል። በኢትዮጵያ በኩል በ19ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ የፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ጦር ቦረናን ማስገበሩ፣ የገባር ሥርዓቱም ብዙዎችን ወደ ደቡብ ማሰደዱ መነገር አለበት። በኬንያ በኩል ደግሞ እንግሊዞች ሰሜኑን ያለ ፈቃድ የማይገባበት ዝግ ወረዳ ማድረጋቸው፣ ከነፃነት በኋላም እስከ እ.ኤ.አ. 1967 በዘለቀው የሽፍታ ጦርነት አርብቶ አደሩ በወታደር ወደሚጠበቁ መንደሮች መታጎሩ አለ። ናይሮቢ መሀል ከተማ ዋቤራ ስትሪት የሚባል መንገድ ይገኛል። ዳውዲ ዳባሶ ዋቤራ የኢሲዮሎ የመጀመሪያው አፍሪካዊ የአውራጃ ኮሚሽነር ነበር። ለሽፍታው ጦርነት መነሻ የሆነው ሰሜኑን ወደ ሶማሊያ የመቀላቀል ንቅናቄ በጋለበት ሰዓት፣ በጁን 1963፣ ከቦረናው ሹም ከሃጂ ገልማ ዲዶ ጋር ተገደለ፤ ኬንያ ነፃነቷን ልታውጅ የቀሯት ጥቂት ወራት ነበሩ። መንገዱን በየቀኑ ለሚያቋርጠው የናይሮቢ ተማሪም ይህ ታሪክ ይገባዋል።

ከወረቀቱ ሌላ ሞያሌ የቃል መዝገብም አላት። ቦረና ዘመኑን የሚቆጥረው በየስምንት ዓመቱ በሚፈራረቁት አባ ገዳዎች ስም ነው፤ ታሪክ አዋቂ ሽማግሌዎች ተራቸውን ጠብቀው ወደ ኋላ ብዙ መቶ ዓመት ይቆጥሯቸዋል። አንትሮፖሎጂስቱ አስመሮም ለገሰ እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተሙት የገዳ ጥናታቸው ይህን የዘመን አቆጣጠር በሰፊው ገልጸውታል። አንድ ሽማግሌ ክፍል ገብተው ከብቱን የፈጀው በሽታ በየትኛው አባ ገዳ ዘመን እንደደረሰ ቢናገሩ፣ ተማሪዎቹ ስምንት ስምንት ዓመት እየቆጠሩ ወደ ኋላ ሊሄዱ፣ የደረሱበትንም ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ከቆየው፣ ክፉ ቀን ከሚባለው ረሃብ ጋር ሊያስተያዩት ይችላሉ። ካልገጠመም ስሕተቱ ከማን ዘንድ እንደሆነ ለማወቅ ሌላ ምስክር ፍለጋ ይወጣሉ።