ያልተፈታው ስልቻ

ሲራራ ነጋዴ የነበሩት አያቴ ከደብረ ታቦር ተነሥተው፣ የጉናን ጥግ ይዘው ወደ ጋይንት ሲሄዱ ስንቃቸውን በሦስት ስልቻ ይቋጥሩ እንደ ነበር በቤታችን ሲነገር ነው ያደግሁት። አንደኛው የመንገዱ ነው፤ እየተበላ ይኬዳል። ሁለተኛው ወንዝ ሲሞላ፣ ወይም ወደ ሌላ ገበያ መሻገር ግድ ሲሆን የሚፈታ ነው። ሦስተኛው ግን አፉ እንደ ታሰረ ሄዶ አፉ እንደ ታሰረ ይመለሳል። በልጅነቴ ይህ ሦስተኛው ስልቻ ሞኝነት ይመስለኝ ነበር። የማይበላ በሶ ለምን በበቅሎ ጀርባ ይንገላታል?

ውድ አንባቢ፣ ይህን የቤት ወግ ያስቀደምሁት ስለ አውሮፕላን ነዳጅ ልጽፍ ነውና አይደነቁ።

የመንገደኞች አውሮፕላን ነዳጅም የሚቋጠረው ከአያቴ በማይርቅ ሥርዓት ነው። በቅድሚያ እስከ መድረሻው የሚያደርሰው ይሰላል። በዚያ ላይ ለነፋስና ለግምት ስሕተት፣ ብዙ ጊዜ የመንገዱን ነዳጅ 5 በመቶ ያህል ይታከልበታል። መድረሻው በጉም ቢዘጋ ወደ ሌላ ማረፊያ የሚያደርሰውም ይጨመራል። ከሁሉ በኋላ ለጄት አውሮፕላን የ30 ደቂቃ ማንዣበቢያ ይቀመጣል፤ ያልተፈታው ስልቻ ይህ ነው። ይህን ሳይነካ ማረፍ እንደማይችል የተረዳ አብራሪ የአደጋ ጥሪ ማሰማት ይገባዋል።

ታዲያ ታንኩን ሁልጊዜ ጢም አድርጎ መሙላት አይሻልም ወይ? የራሱን ገብስ የተጫነ በቅሎ ያየ ሰው መልሱን አያጣውም፤ የሚሸከመውን እየበላ ነው የሚሸከመው። ነዳጅ ራሱ ክብደት ነው፤ ያን ክብደት አየር ላይ ለማቆየት ደግሞ ሌላ ነዳጅ ይነዳል። ክብደት ርቀትን እንዴት እንደሚበላ የእኛ አገር ሰው ያውቃል። ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያሠሩትን፣ 70 ኩንታል ያህል የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ መንገዱ ወራት ፈጅቷል።

ማታ ማታ መብራት ካልጠፋ በቤቴ ኮምፒዩተር ላይ የበረራ ሲሙሌተር እከፍታለሁ። የልጅ ጨዋታ የያዝሁ የሚመስላቸው ጎረቤቶች አሉ፤ አልቀየማቸውም። እኔን የምትስበኝ በሁለቱ አብራሪዎች መካከል ያለችው የቁልፍ ሰሌዳ ናት። የበረራ አስተዳደር ኮምፒዩተር የሚባለው የሚጠየቀው በእርሷ በኩል ነው። ነዳጁ ሳይቆጠር አውሮፕላኑ ስንት እንደሚመዝን፣ የማይነካው መጠባበቂያ ስንት እንደ ሆነ፣ መንገዱን፣ ከፍታውንና ነፋሱን ይነግሩታል፤ እርሱም በየመንገዱ ነጥብ ላይ ምን ያህል ነዳጅ እንደሚተርፍ ይተነብያል። ነፋሱ ሲለወጥ ትንቢቱንም ያርማል። ስንቁ የማያደርስ ከሆነ ነዳጅ እንደማይበቃ የሚገልጽ አጭር መልእክት በሰሌዳዋ ላይ ይወጣል።

ይህን መልእክት ሆን ብዬ ያስወጣሁት ስለ አንድ የታሪክ ቀን ሳስብ ነው።

ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 961፣ ቦይንግ 767፣ 175 ሰዎችን ይዞ ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ ተነሣ። ብዙም ሳይቆይ ሦስት ጠላፊዎች ወደ አብራሪዎቹ ክፍል ገብተው መጥረቢያውን ያዙ፤ ወደ አውስትራሊያ እንዲበር አዘዙ። ካፒቴን ልዑል አባተ ነዳጁ እንደማያደርስ ነገሯቸው። አላመኑም። ማስረጃ አለን ባዮች ነበሩ፤ የአየር መንገዱ መጽሔት አውሮፕላኑ ያን ያህል መብረር እንደሚችል ጽፏልና።

መጽሔቱ አልዋሸም። ግንቦት 24 ቀን 1976 ዓ.ም. የአየር መንገዱ የመጀመሪያው 767 ከዋሽንግተን አዲስ አበባ ድረስ 12,082 ኪሎ ሜትር ያለማቋረጥ በርሮ፣ በጊዜው ለባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላን የርቀት ክብረ ወሰን አስመዝግቧል። ከአዲስ አበባ ፐርዝ ከዚያ ያንሳል፤ 9,000 ኪሎ ሜትር ቢያልፍ ነው። ናይሮቢ ግን 1,160 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፤ የተቋጠረውም ለእርሷ ነበር። መጽሔቱ የተናገረው ስልቻው ስለሚይዘው ነው፤ ካፒቴኑ የተናገሩት በስልቻው ውስጥ ስላለው።

በሲሙሌተሬ ላይ የናይሮቢን ስንቅ ከነመጠባበቂያው ጭኜ፣ መድረሻዬን ፐርዝ ብዬ ጻፍሁ። መልእክቱ ወዲያው ወጣ። እኔ ወዲያው አመንሁት፤ በክፍሌ መጥረቢያ የያዘ ሰው አልነበረም። መሣሪያውን ሁሉ የአብራሪ ተንኮል አድርጎ ለሚያይ ሰው ግን ይህን መስመር ማሳየት ምን ይፈይዳል?

እርግጥ ኮምፒዩተሩም የሚሳሳትበት ቀን አለ። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 23 ቀን 1983 የኤር ካናዳ 767 የነዳጅ መለኪያው ተበላሽቶ ስለ ነበር መጠኑ በእጅ ተሰልቶ ገባለት፤ ሰዎቹ ፓውንድን ከኪሎ ግራም አምታተው ኖሮ ከሚያስፈልገው ከግማሽ ያነሰ ጭነው ተነሡ። ኮምፒዩተሩ የነገሩትን አምኖ እስከ ኤድመንተን ይበቃል ሲል ሁለቱም ሞተሮች በሰማይ ጠፉ። 69ኙም ሰዎች ጊምሊ ላይ በሕይወት መውረዳቸው ዛሬም ያስደንቀኛል።

ካፒቴን ልዑል የአፍሪካን ዳርቻ ይዘው ወደ ደቡብ በረሩ። ጠላፊዎቹ የብስ ማየታቸውን ሲጠሉና ወደ ባሕሩ ሲያስዞሯቸው፣ ወደ ኮሞሮስ ደሴቶች አቀኑ። አንዱ ሞተር ሲጠፋ ነዳጅ ማለቁን ለተሳፋሪው በድምፅ ማጉያ አስታወቁ። ቀጥሎ ሁለተኛው ጠፋ። ተደብድበው የተባረሩት ረዳት አብራሪ ዮናስ መኩሪያ በመጨረሻው ሰዓት ተመልሰው ከጎናቸው ተቀመጡ፤ አውሮፕላኑ ከግራንድ ኮሞር ዳርቻ አጠገብ በውኃ ላይ ወርዶ ተሰባበረ። ከ175ቱ 50 ሰዎች ተረፉ፤ ሁለቱም አብራሪዎች ከተረፉት መካከል ናቸው። የሕይወት ጃኬታቸውን ከመውጣታቸው በፊት ነፍተው በውስጥ የቀሩ ብዙ ነበሩ። የ1977ን ረኀብ ቀርጾ ለዓለም ያሳየው የኬንያው ባለ ካሜራ መሐመድ አሚንም በዚያው ሞተ።

በሌላ ምሽት እኔም በሲሙሌተሩ እስከዚያው ባሕር በረርሁ። ሁለቱ ሞተሮች ተከታትለው ሲቆሙ የሰሌዳዋ መብራት አብሮ ጠፋ፤ ትንቢቱ ሲደርስ ተንባዩም ዝም አለ። በረራውን ባለበት አቁሜ የነዳጁን መቆጣጠሪያ እስከ ጫፍ ገፋሁት፤ ሞተሮቹን አስነሥቼ እንደገና ፐርዝ ብዬ ጻፍሁ። መልእክቱ አልወጣም። ጥቂት አይቼው ኮምፒዩተሩን ዘጋሁ።