ስለ ሳሎኔ ዓሣዎችና ስለ አብጃታ

አዳማ ውስጥ ቤታችሁ አኳሪየም ያላችሁ ሰዎች፣ ጽሑፉ ትንሽ ረዘም ይላል፤ ግን ታገሡኝ።

ባለፈው ዓመት በሁለት ሳምንት ውስጥ አራት ዓሣ ሞተብኝ። መጀመሪያ ክንፋቸውን ሰበሰቡ፤ ከዚያ ጠዋት ጠዋት ውሃው አናት ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍቱ ጀመር። በሽታ ነው ብዬ ሜቲሊን ብሉ የሚባለውን ሰማያዊ መድኃኒት ጨመርኩ። ጨውም ጨመርኩ። ባሰባቸው! የሚገርመው ውሃው ጥርት ያለ ነበር። መስታወቱ ላይ ብቻ፣ ከውሃው ከፍ ብሎ፣ ዙሪያውን ነጭ ቅርፊት ይዟል። እሱን በቢላ እፍቅ ነበር እንጂ ምንድን ነው ብዬ አልጠየቅኩም።

ያንኑ ቅርፊት በኋላ ወደ ሻሸመኔ ስንሄድ አብጃታ ዳር አየሁት። ውሃው የሸሸበት መሬት ነጭ ለብሷል።

አብጃታ መውጫ የለውም። ከዝዋይ በቡልቡላ፣ ከላንጋኖ በሆራ ቀሎ ውሃ ይገባለታል፤ የሚወጣው ግን ወደ ሰማይ ብቻ ነው። ፀሐይ ንጹሑን ውሃ ወስዳ ጨውና ሶዳውን ትተወዋለች፤ ወጥ ሲመጥ ጨው ጨው እንደሚለው ማለት ነው። እንዲያም ሆኖ ቆሮሶ ይኖርበት ነበር። ፔሊካኖች ሻላ ውስጥ ባለች ደሴት ላይ ይፈለፍላሉ፤ 266 ሜትር ገደማ የሚጠልቀው ሻላ ግን የሚበቃ ዓሣ ስለሌለው ምግባቸውን ከአጠገቡ ከአብጃታ ይለቅሙ ነበር።

ከዚያ ዝዋይ ዙሪያ መስኖ ሲበዛ በቡልቡላ የሚደርሰው ውሃ ቀነሰ። በደርግ መጨረሻ ግድም ደግሞ የሐይቁን ውሃ ስቦ፣ አትንኖ ሶዳ አሽ የሚያወጣ ፋብሪካ መጣ። እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ወዲህ ሐይቁ የስፋቱን ግማሽ ያህል አጥቷል። ዓሣው ጠፋ፤ ፔሊካኖቹም ለምግብ ዝዋይ ድረስ ይበራሉ። ዓሣውን የጨረሰው በሽታ አልነበረም።

እኔም ሳሎን ውስጥ ትንሽ አብጃታ ሠርቼ ነበር። በአዳማ ሙቀት ውሃው ይጎድላል፣ እኔ እሞላለሁ። ሰባት ወር ሙሉ ሞላሁ እንጂ አንድም ቀን አልቀየርኩም። እያንዳንዱ ባልዲ ጨዉን ይዞ ይገባል፤ የሚተነው ውሃው ብቻ ነው። በዚያ ላይ ነው እንግዲህ ጨው የጨመርኩት።

ስህተቱ የኔ ብቻ አይደለም፣ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1850 ሮበርት ዋሪንግተን የሚባል እንግሊዛዊ ኬሚስት ሁለት ወርቃማ ዓሣ፣ የውሃ ተክልና ቀንድ አውጣ አንድ ዕቃ ውስጥ አኑሮ፣ ሚዛኑ ከተጠበቀ ውሃው ሳይቀየር እንደሚቆይ አሳየ። ብዙ ሰው ይህን ይዞ ውሃ አልቀይርም አለ። ዋሪንግተን ያላየው ሠራተኛ ነበረ፦ ባክቴሪያ። ዓሣ በስንጥቡ የሚያስወጣውን አሞኒያ ወደ ናይትሬት የሚለውጡትን ባክቴሪያዎች ሰርጌይ ቪኖግራድስኪ ለይቶ ያወጣቸው እ.ኤ.አ. በ1890 አካባቢ ነው። ሜቲሊን ብሉ ደግሞ እነሱንም ይጎዳል። ማለትም መድኃኒት ብዬ የጨመርኩት ውሃ አጣሪዎቼን ሳይገድልብኝ አልቀረም።

የስምጥ ሸለቆ ውሃ ሶዳ ስለሚበዛው ነገሩ እኛ ጋ ይከፋል። ውሃው 25 ዲግሪ ሙቀት ላይ ሆኖ ፒኤች 7 ሲሆን፣ ከአሞኒያው መርዛማው ክፍል 1 በመቶ እንኳ አይሞላም። ፒኤች 9 ሲደርስ ግን ከሦስት አንድ እጅ በላይ ይሆናል። ያው አሞኒያ፣ ያው ዓሣ!

ታዲያ እንደኔ ደንግጣችሁ ውሃውን በአንድ ቀን ሙሉ በሙሉ እንዳትቀይሩ። ጨው የለመደ ዓሣ ድንገት ቀላል ውሃ ሲያገኝ እሱም ይገድለዋል። እኔ በየሁለት ቀኑ አንድ አሥረኛውን እየቀዳሁ አወጣሁ፤ የምተካውን ክሎሪኑ እንዲወጣ በባልዲ ክፍቱን አሳድሬው ነው። ከወር በኋላ በየሳምንቱ አንድ አምስተኛ አደረግሁት። የሚጎድለውን ለመሙላት የዝናብ ውሃ ባገኝ እመርጣለሁ፣ ክረምት ላይ አጠራቅማለሁ።

ሁለቱ ተርፈዋል። ትልቁ አሁንም ጅራቱ ትንሽ የተበላ ነው፣ ግን ይበላል።

ባቱና መተሐራ ያላችሁ፣ የእናንተ የቧንቧ ውሃስ መስታወቱ ላይ ምን ይተዋል?