የድልድዩ መሐንዲስና የድንጋይ ስብስቡ

የብሩክሊን ድልድይ መሐንዲስ የዋሽንግተን ሮብሊንግ ስም በሙያችን ታሪክ ውስጥ በሚገባ የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ ይኸው ሰው ድልድዩ ከተመረቀ በኋላ አርባ ሦስት ዓመት እንደ ኖረና ከታላላቅ የግል የማዕድን ስብስቦች አንዱን እንዳከማቸ የሚያስታውሰው ጥቂት ነው። የድልድዩ ታሪክ ብዙ ጊዜ የተጻፈ ስለ ሆነ እዚህ የምናተኩረው በድንጋዮቹ ላይ ይሆናል። በጽሑፉ የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሮብሊንግ በ1837 ተወልዶ በ1857 ከሬንስለር ፖሊቴክኒክ በሲቪል ምሕንድስና ተመረቀ። በ1869 አባቱ ሲሞት የድልድዩን ሥራ የተረከበው በሠላሳ ሁለት ዓመቱ ነው። የድልድዩ ሁለት ማማዎች የተተከሉት ኬሶን በሚባሉ፣ የታመቀ አየር በተሞላባቸውና ከወንዙ ወለል በታች በሚሰምጡ ግዙፍ የእንጨት ሣጥኖች ላይ ነበር። በማንሐተን በኩል ያለው ኬሶን ሃያ አራት ሜትር ያህል ወርዶ ገና ዐለት አላገኘም፤ በውስጡ የሚሠሩት ሰዎች ግን በአየሩ ግፊት ምክንያት ይታመሙና ይሞቱ ጀመር። ሮብሊንግ የአሸዋውንና የጠጠሩን አቀማመጥ መርምሮ፣ ከተነጠፈበት ዘመን ጀምሮ ያልተነቃነቀ መሆኑን በመረዳቱ፣ በ1872 ቁፋሮው እዚያው ላይ እንዲያበቃ አዘዘ። ማማው ዛሬም በዚያው አሸዋ ላይ ቆሟል። እርሱ ራሱ ግን በዚሁ በሽታ ተመትቶ ከሥራው ቦታ ራቀ፤ ባለቤቱ ኤሚሊ መመሪያውን ለመሐንዲሶቹ እያደረሰች ድልድዩ በ1883 ተመረቀ። እንግዲህ መሬትን እንዲህ ማንበብ የሚችል ሰው በድንጋይ ፍቅር ቢያዝ የሚያስገርም አይመስለኝም።

ያማረ ክሪስታል ብርቅ የሚሆንበት ምክንያት ግልጽ ነው። ማዕድን ገጹ የለሰለሰ፣ ጠርዙ የሰላ ሆኖ እንዲያድግ በዐለቱ ውስጥ ባዶ ክፍተት፣ በክፍተቱም የሚመላለስ ማዕድን ያዘለ ፈሳሽ፣ ከዚያም በላይ ረጅም ጊዜ ያስፈልገዋል። እንዲህ ያለው ክፍተት የሚገኘው ብዙውን ጊዜ በቁፋሮ ነው፤ ቁፋሮው ግን የሚካሄደው በፈንጂ ነው። የሚወጣውም ድንጋይ ወደ መፍጫው ይሄዳል፤ መፍጫው ውብ የሆነውንና ያልሆነውን አይለይም። ሮብሊንግ በሚኖርበት በኒው ጀርሲ ግዛት፣ በፍራንክሊን የዚንክ ማዕድን ማውጫ፣ ብዙ ናሙና ከመፈጨት የዳነው ሠራተኞቹ በምሳ ዕቃቸው ውስጥ ደብቀው ስላወጡት ነው። ኩባንያው ይህን እንደ ስርቆት ቢቆጥረው አይፈረድበትም፤ ሳይንስ ግን ለእነዚያ የምሳ ዕቃዎች ባለ ዕዳ ነው።

በዚያ ዘመን ሀብታም ሰብሳቢዎች በብዛት የሚሹት ውበትን ነበር። የፊላደልፊያው የማሽን አምራች ክላረንስ ቤመንት ያከማቸው ስብስብ በ1900 በባለ ባንኩ በጄ. ፒ. ሞርጋን ተገዝቶ ለኒው ዮርክ የተፈጥሮ ታሪክ ቤተ መዘክር የተሰጠው በዚህ ዝናው ነው። ሮብሊንግ ግን ውበትን ባይንቅም ዋና ዓላማው ሌላ ነበር፤ በዓለም ከሚታወቁት የማዕድን ዓይነቶች ከእያንዳንዱ ቢያንስ አንድ ናሙና ለማግኘት ይጥር ነበር። በመጨረሻ ስብስቡ ወደ 16,000 ሲደርስ፣ በዘመኑ ከታወቁት ዓይነቶች የጎደሉት እጅግ ጥቂት ነበሩ። በ1897 ከፍራንክሊን የተገኘ አንድ አዲስ ማዕድን በስሙ ሮብሊንጋይት ተብሎ ተሰየመ፤ የሸክላ ስባሪ የሚመስል ነጭ ነገር ነው፤ ለአንገት ሐብል የሚመኘው ሰው የለም። ለእኔ ግን ከማናቸውም ዕንቍ ይልቅ የሰውየውን ጠባይ የሚገልጸው ይኸው ድንጋይ ነው።

ሮብሊንግ በ1926 ሲሞት ልጁ ስብስቡን በዋሽንግተን ለሚገኘው ለስሚዝሶኒያን ተቋም ሰጠ፤ ከስብስቡም ጋር 150,000 ዶላር አብሮ ሰጠ። በዚያው ዓመት የማዕድን መሐንዲሱ የፍሬደሪክ ካንፊልድ 9,000 ያህል ናሙናዎችም በኑዛዜ፣ እንዲሁ ከገንዘብ ጋር፣ ለዚሁ ተቋም ተላለፉ። ሁለቱም መሐንዲሶች እንደ መሆናቸው፣ ጥገና ያልተበጀተለት ሥራ እንደሚፈርስ ያውቁ ነበር ማለት ይቻላል።

ከሮብሊንግ ድንጋዮች መካከል በይበልጥ የሚጐበኘው በ1917 በኔቫዳ፣ በቨርጂን ሸለቆ የተገኘው 2,585 ካራት፣ ማለት 517 ግራም የሚመዝን ጥቁር ኦፓል ነው። አልተቆረጠም፣ አልተሞረደም። ድንጋዩ የተገኘበት ቦታና ዓመቱ ስለ ተመዘገቡ፣ ከእሳተ ገሞራ አመድ ጋር ያለውን ዝምድና ዛሬም መመርመር ይቻላል።

ኦፓል በሀገራችንም አለ፤ በመዘዞ በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ በወሎ ወገል ጤና አካባቢ ደግሞ በ2008 ታወቀ። በወገል ጤና ገበሬዎቹ ከገደሉ ወገብ ላይ፣ በእሳተ ገሞራ ድንጋይ መካከል ያለችውን ቀጭን የኦፓል ንጣፍ ተከትለው በእጅ ይቆፍራሉ፤ ጕድጓዱ እየተናደ ሰው የሚሞትበት ጊዜ አለ። ድንጋዩ ውሃ ሲጠጣ ጥርት ብሎ ቀለሙን የሚሰውር፣ ሲደርቅ መልሶ የሚያሳይ ነው። የሚሸጠው በሚዛን ስለ ሆነ እናት ድንጋዩ ተፈልፍሎ ይጣላል፤ ገበያም ሲደርስ ስሙ «የወሎ ኦፓል» ብቻ ነው፤ ከየትኛው ገደል፣ ከየትኛው ንጣፍ እንደ ወጣ የሚናገር ወረቀት አብሮት አይጓዝም። መንገድ ለመቀየስ ወይም ድልድይ ለመሥራት ወደዚያ አገር የሚወጣ ባልደረባ፣ እናት ድንጋዩ ያልተለየውን አንድ ቍራጭ ገዝቶ የቦታውን ስም፣ የባሕር ጠለል ከፍታውንና ቀኑን ቢጽፍበት፣ የሚወስድበት ጊዜ አንድ ሲኒ ቡና ከመጠጣት አይበልጥም።