ጣሊያንን በባቡር መጎብኘት

ጣሊያንን በባቡር መጎብኘት በአንድ የዕረፍት ጊዜ ሮምን፣ ፍሎረንስን፣ ቬኒስን፣ ሚላኖንና ናፖሊን የመሳሰሉ ከተሞችን ያለ መኪናና ያለ አገር ውስጥ በረራ እያከታተሉ ለማየት የሚያስችል የጉዞ ዘዴ ነው። አገሪቱ ረጅምና ጠባብ ባሕረ ገብ መሬት በመሆኗ አብዛኞቹ ታላላቅ ከተሞቿ በጥቂት ዋና ዋና የሐዲድ መስመሮች ላይ ተደርድረዋል። ጣቢያዎቻቸውም መሀል ከተማ ወይም አጠገቡ ይገኛሉ። ባቡሩ ፈጣን ስለሆነ የጉዞውን ስኬት የሚወስኑት ሦስት የዕቅድ ጥያቄዎች ናቸው፦ ስንት ከተማ፣ በምን ቅደም ተከተል፣ በእያንዳንዱ ስንት ሌሊት። በዚህ መጣጥፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የሐዲዱ ታሪክ

በጣሊያን ምድር የመጀመሪያው የባቡር መስመር ጥቅምት 1839 ናፖሊን ከፖርቲቺ ጋር አገናኘ፤ ርዝመቱ ከ8 ኪሎ ሜትር ያነሰ ነበር። በ1846 በባሕር ሰርጡ ላይ የተሠራው ድልድይ ደሴቲቱን ቬኒስን ከየብስ ጋር አገጣጠማት። የመንግሥት የባቡር ድርጅት የተቋቋመው በ1905 ነው።

የዛሬው ፈጣን ጉዞ የተጀመረው ሮምን ከፍሎረንስ በሚያገናኘው አዲስ ሐዲድ ነው። በአውሮፓ የመጀመሪያው የፈጣን ባቡር መስመር የሆነው ይህ ሐዲድ የመጀመሪያ ክፍሉ በ1977 ተከፍቶ በ1992 ተጠናቀቀ። ከ2005 እስከ 2009 ድረስ ከሮም ወደ ናፖሊ፣ ከሚላኖ ወደ ቦሎኛ፣ ከቦሎኛ ወደ ፍሎረንስ የሚወስዱት መስመሮች ተከታትለው ሥራ ጀመሩ። ከቦሎኛ እስከ ፍሎረንስ ያለው መስመር የአፔኒን ተራሮችን ሰንጥቆ የሚያልፍ በመሆኑ ከሞላ ጎደል ሁሉም ዋሻ ነው። በእነዚህ ግንባታዎች ምክንያት ከሚላኖ ሮም በሦስት ሰዓት ገደማ መድረስ ተችሏል።

የባቡር ዓይነቶች

ፈጣን ባቡሮችን የሚያንቀሳቅሱት ሁለት ኩባንያዎች ናቸው፦ የመንግሥቱ ትሬኒታሊያ፣ ከ2012 ጀምሮ ደግሞ የግሉ ኢታሎ። ተጓዡ የሁለቱን ዋጋ ማነጻጸር ይችላል፤ ነገር ግን የአንዱ ትኬት በሌላው ባቡር ላይ አይሠራም።

ፍሬቻሮሳና ኢታሎ በሰዓት እስከ 300 ኪሎ ሜትር የሚፈጥኑ ሲሆን፣ ትኬቱ የተወሰነ ባቡርና የተቆረጠ ወንበር ይኖረዋል። ኢንተርሲቲ ዘገም ብሎ በመካከለኛ ከተሞች እየቆመ ይጓዛል። ሬጆናሌ የሚባለው የክፍለ ሀገር ባቡር ደግሞ ከትልቅ ከተማ ወደ ትንሽ ከተማ ለደርሶ መልስ ጉዞ ይመቻል። ዋጋው ቋሚ ስለሆነ ቀድሞ መግዛት የሚያስገኘው ቅናሽ የለም። ወደ ሲሲሊ የሚሄዱት ረጅም ርቀት ባቡሮች የሜሲናን የባሕር ወሽመጥ የሚሻገሩት ፉርጎዎቻቸው በመርከብ ተጭነው ነው።

የከተሞች ምርጫና ቅደም ተከተል

የጀማሪ ዕቅድ አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው ከተማ በማብዛት ነው። ከሮም ፍሎረንስ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ከፍሎረንስ ቬኒስ ከሁለት ሰዓት ጥቂት በላይ ቢወስድም ማደሪያ መቀየር ግማሽ ቀን ይወስዳል። ክፍል ማስረከብ፣ ሻንጣ ይዞ ወደ ጣቢያ መሄድ፣ ባቡር መጠበቅ፣ አዲሱን ሆቴል ማግኘት ሁሉም ጊዜ ይበላሉ። ስለዚህ የተሻለው ስሌት በቀን ሳይሆን በሌሊት መቁጠር ነው። በአንድ ከተማ አንድ ሌሊት ብቻ ያደረ ሰው ከተማዋን ለማየት የሚቀረው ጥቂት ሰዓት ነው። ትንንሾቹን ከተሞች ከአንድ ማደሪያ እየተነሱ በደርሶ መልስ ማየት ይመረጣል፤ ፒሳና ሲየና ከፍሎረንስ፣ ቬሮና ከቬኒስ ወይም ከሚላኖ፣ ፖምፔይ ከናፖሊ ይታያሉ።

ሁለተኛው ደንብ በተቻለ መጠን የመጡበትን መንገድ አለመድገም ነው። በአንድ ከተማ ገብቶ በሌላው የሚወጣ የአውሮፕላን ትኬት ተጓዡን ከመመለስ ያድነዋል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ ሮምም ወደ ሚላኖም ስለሚበር በሮም ገብቶ በሚላኖ መውጣት ከአዲስ አበባ ለሚነሳ ሰው ምቹ ነው። ለአሥራ ሁለት ሌሊት የሚሆን አደላደል ይህን ይመስላል፦

ናፖሊ 2 ሌሊት፦ ሮም እንዳረፉ በቀጥታ ወደ ደቡብ፤ ከሮም በፈጣን ባቡር አንድ ሰዓት ከሩብ ገደማ።
ሮም 4 ሌሊት፦ ከናፖሊ ወደ ሰሜን ሲመለሱ።
ፍሎረንስ 3 ሌሊት፦ አንዱ ቀን ለፒሳ ወይም ለሲየና።
ቬኒስ 2 ሌሊት።
ሚላኖ 1 ሌሊት፦ ከቬኒስ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ፤ በማግሥቱ በረራ።

ስምንት ሌሊት ብቻ ያለው ሰው ሁሉንም ከሚያሳጥር ናፖሊንና ሚላኖን ትቶ በሦስቱ ቢወሰን ይጠቀማል።

ከተሞቹና ጣቢያዎቻቸው

ናፖሊ፦ ከናፖሊ ቼንትራሌ ጣቢያ ሥር ከሚገኘው ጋሪባልዲ ጣቢያ የሚሳፈሩበት ቺርኩምቬዙቪያና የተባለው የአካባቢ ባቡር በ79 ዓ.ም. በቬሱቪየስ እሳተ ገሞራ የተቀበረችው የፖምፔይ ፍርስራሽ ደጃፍ ላይ ያወርዳል። ከፍርስራሹ የወጡት ሥዕሎችና ዕቃዎች በብዛት የሚገኙት ናፖሊ በሚገኘው የአርኪዮሎጂ ሙዚየም ነው፤ ሁለቱ ሲጣመሩ ትርጉማቸው ይሞላል።

ሮም፦ ከፊዩሚቺኖ አውሮፕላን ማረፊያ ሊዮናርዶ ኤክስፕረስ የተባለው ባቡር በ32 ደቂቃ ወደ ዋናው ጣቢያ ወደ ቴርሚኒ ያደርሳል። ከጣቢያው ፊት ያለው ፒያሳ ዴይ ቺንኩዌቼንቶ፣ ማለትም የአምስት መቶዎቹ አደባባይ፣ የተሰየመው ጥር 1887 በዶጋሊ በራስ አሉላ ጦር ላለቁት የጣሊያን ወታደሮች ነው። መታሰቢያ ሐውልታቸውም በቅርብ ርቀት ላይ ይታያል። በ1937 የተወሰደው የአክሱም ሐውልት ቆሞ የነበረው በዚችው ከተማ በፖርታ ካፔና አደባባይ ሲሆን፣ በ2005 ወደ አገሩ ተመልሶ በ2008 ዳግም ተተክሏል። በቫቲካን ግቢ ውስጥ ያለው የቅዱስ እስጢፋኖስ ዘሐበሻ ቤተ ክርስቲያን በ15ኛው ክፍለ ዘመን ለኢትዮጵያውያን መነኮሳት ተሰጥቶ ነበር፤ በዚያ ይኖሩ የነበሩት አባ ተስፋ ጽዮን በ1548 እና 1549 የግዕዝ ሐዲስ ኪዳንን በሮም አሳትመዋል። ኢትዮጵያዊ ጎብኚ ከኮሎሲየምና ከቅዱስ ጴጥሮስ ባሻገር ለእነዚህ ቦታዎች ግማሽ ቀን ሊመድብ ይገባል።

ፍሎረንስ፦ በሰሌዳና በትኬት ላይ የምትጻፈው ፊሬንዜ ተብላ ነው። ሳንታ ማሪያ ኖቬላ ከተባለው ጣቢያ እስከ ካቴድራሉ በእግር አሥር ደቂቃ ያህል ነው። በ1436 የተጠናቀቀው የብሩኔሌስኪ ጉልላት፣ የማይክል አንጄሎ የዳዊት ሐውልት ያለበት አካዴሚያና የኡፊዚ ሙዚየም ሁሉም በእግር ይደረሳሉ።

ቬኒስ፦ ሁለት ጣቢያዎችን መለየት ያስፈልጋል። ቬኔዚያ ሜስትሬ በየብስ ላይ ያለው ሰፈር ጣቢያ ሲሆን ቬኔዚያ ሳንታ ሉቺያ በደሴቲቱ ላይ ያለው መጨረሻ ነው። በሜስትሬ ማደር ርካሽ ቢሆንም የቬኒስ ውበት የሚገለጸው የቀን ጎብኚዎች ከሄዱ በኋላ በማታና በማለዳ ስለሆነ በደሴቲቱ ማደር ዋጋውን ያወጣል። በከተማዋ መኪና የለም፤ ድልድዮቿም ባለ ደረጃ ናቸውና ቀላል ሻንጣ ይያዝ።

ሚላኖ፦ በ1931 የተከፈተው ቼንትራሌ ጣቢያ ራሱ ሊታይ የሚገባ ሕንጻ ነው። የሊዮናርዶ ዳ ቪንቺን "የመጨረሻው እራት" ለማየት ቀድሞ ቦታ መያዝ ግዴታ ነው፤ ለአንድ ቡድን የሚፈቀደው 15 ደቂቃ ብቻ ነው። በፖርታ ቬኔዚያ ሰፈር የኢትዮጵያና የኤርትራ ምግብ ቤቶች ይገኛሉ።

ትኬት

የፈጣን ባቡር ዋጋ ቀኑ በቀረበ ቁጥር ይጨምራል። ርካሹ ትኬት አብዛኛውን ጊዜ አይቀየርም፣ ገንዘቡም አይመለስም፤ ውዱ ትኬት ደግሞ እንደ ልብ ይቀየራል። ከአውሮፕላን በሚወርዱበት ቀን ለሚደረገው ጉዞ የሚቀየረውን መግዛት ይበጃል፤ በረራ ቢዘገይ የማይቀየረው ትኬት ይቃጠላልና። የብዙ ቀን የባቡር ማለፊያ ወረቀት የያዘ ሰውም በፈጣን ባቡር ለወንበር ተጨማሪ ስለሚከፍል፣ ለአራትና ለአምስት ጉዞ ነጠላ ትኬት አስቀድሞ መግዛት ብዙ ጊዜ ይረክሳል።

የሬጆናሌ የወረቀት ትኬት ከመሳፈር በፊት በጣቢያው ባለው ማተሚያ መሣሪያ መመታት አለበት። ይህን የዘነጋ ተሳፋሪ ትኬት ይዞም ይቀጣል። የሰዓት ሰሌዳው በ24 ሰዓት ስለሚቆጠር 15:10 ተብሎ የተጻፈው በኢትዮጵያውያን አነጋገር የቀኑ 9:10 ነው፤ የጣሊያን ሰዓትም ከአዲስ አበባ በበጋቸው በአንድ፣ በክረምታቸው በሁለት ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል።

ወቅት፣ ዝግ ቀናትና የሥራ ማቆም

ሚያዝያ፣ ግንቦት፣ መስከረምና ጥቅምት ለጉብኝት የሚመረጡ ወራት ናቸው። ሐምሌና ነሐሴ ሞቃትና የተጨናነቁ ናቸው። የኡፊዚና የአካዴሚያ ሙዚየሞች ሰኞ፣ የናፖሊው የአርኪዮሎጂ ሙዚየም ማክሰኞ፣ የቫቲካን ሙዚየሞች ከወሩ የመጨረሻ እሑድ በቀር እሑድ ዝግ ናቸው። የባቡር ሠራተኞች የሥራ ማቆም አድማ አዲስ ነገር አይደለም፤ ቀኑ ግን አስቀድሞ ይነገራል። በሥራ ቀናት ከ06:00 እስከ 09:00 እና ከ18:00 እስከ 21:00 የክፍለ ሀገር ባቡሮች አነስተኛ አገልግሎት እንዲሰጡ ሕግ ያስገድዳል።

ቪዛና የዝግጅት ቅደም ተከተል

የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ተጓዥ የሸንገን ቪዛ ያስፈልገዋል፤ ቪዛው በ180 ቀን ውስጥ ቢበዛ 90 ቀን ለመቆየት ይፈቅዳል። ማመልከቻ ከጉዞው ስድስት ወር ቀደም ብሎ ጀምሮ፣ ቢዘገይ ከ15 ቀን በፊት ይቀርባል፤ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የሕክምና መድንም ይጠየቃል። ስለዚህ ቪዛው ሳይወጣ የማይመለስ ትኬት መግዛት አይመከርም።

ትክክለኛው ቅደም ተከተል ቪዛ፣ በረራ፣ የማደሪያ ሌሊቶች፣ ቀጠሮ የሚጠይቁ ሙዚየሞች፣ ከዚያም የፈጣን ባቡር ትኬት ነው። የክፍለ ሀገር ባቡር ትኬት በዕለቱ መግዛት ይበቃል። ይህን ቅደም ተከተል ጠብቆ ከአምስት ያልበለጡ ከተሞችን የመረጠ ተጓዥ በአሥር ከተማ ከሮጠው የበለጠ ጣሊያንን ያያል።