የጌዴዎን ማሰሮ

በጦር ጊዜ ጠላትን በዘዴ ማሳት ከሐሰት ይቈጠራልን ብለው የሚጠይቁ አሉ። መጽሐፈ መሳፍንት በምዕራፍ 7 እንደሚነግረን፥ ጌዴዎን ከ32,000 ሰው 300 ብቻ አስቀርቶ በሦስት ከፈላቸው፤ ችቧቸውንም በማሰሮ ሸሸጉ። የምድያም ዘበኞች በተለወጡበት ሰዓት ማሰሮውን ሰብረው ቀንደ መለከት ቢነፉ፥ ምድያም በድንጋጤ እርስ በርሱ ተራረደ። በዚህ ውስጥ ቍጥር መሰወር አለ፤ የሐሰት ምስክርነት ግን አላገኘሁበትም።

እንግሊዛዊው መኰንን ኦርድ ዊንጌት በ1933 ዓ.ም. ጎጃም ለገባው ጦሩ የጌዴዎንን ስም ሰጠው። የሱዳንና የኢትዮጵያ መደበኛ ወታደሮቹ 2,000 አይሞሉም ነበር። በጥቂት በጥቂቱ እየሆኑ ሌሊት ምሽጉን መትተው ይሰወራሉ፤ ኢጣልያኑም ብዙ ሠራዊት የከበበው ይመስለው ነበር። ደብረ ማርቆስን ለቀቀ፤ መጋቢት 28 ቀን ግርማዊ ንጉሠ ነገሥት ገቡባት።

የሸሸውን የኮሎኔል ማራቬንታኖን ጦር አጊባር ላይ ደረሱበት። ዊንጌትም፥ መደበኛውን ጦር ይዤ ልመለስ ታዝዣለሁ፤ ከዚያ በኋላ ነገርህ ከአርበኞች ጋራ ነው የሚል ደብዳቤ ላከበት። በግንቦት አጋማሽ ከ8,000 የሚበልጥ ሰው ትጥቁን አስረከበ። ይህን ሁሉ ለዊንጌት ብልሃት ብቻ መስጠት ግን አድልዎ ይመስለኛል። የመደበኛው ጦር ማነስ ተሰውሮ ነበር፤ ደብዳቤው ያስፈራራበት አርበኛ ግን አምስት ዓመት የተዋጋ ነው፤ ራስ ካሣ ኃይሉም አርበኞቻቸውን ይዘው በዚያው ነበሩ።